ተዋናዮቻችን ሥራ ቢያቆሙ ማን ይደነግጣል?

እንደሚታወቀው አድማ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ፋብሪካ ወይም ታክሲ ነው። ተዋናይ ያድማል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። ሆኖም የአሜሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን ተዋናዮች ሐምሌ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሥራ አቁመው እስከ ጥቅምት 29 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለትም ለ118 ቀናት አልተመለሱም። ደራሲዎቹ ደግሞ ቀደም ብለው በሚያዝያ ወር አድማውን ጀምረውት ነበር። በክፍል ውስጥ ስለዚሁ ስንወያይ አንድ ጓደኛችን «የእኛዎቹስ ቢያድሙ?» ብሎ ሲጠይቅ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ ሳቅ ነው። ለምንድን ነው የሚያስቀው?

በመጀመሪያ አድማ ቴሌቪዥንን እንዴት እንደሚነካ እንይ። ቴሌቪዥን በየዕለቱ መሞላት ያለበት ጎተራ ነው። ተዋናይ ሲያቆም ጣቢያው ወይ የድሮውን ይደግማል፣ ወይ ውድድርና ጭውውት ያበዛል፣ ወይ ከውጭ ይገዛል። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ ተዋናዮች ሲያድሙ «ዳላስ» የተባለው ተከታታይ ድራማ ዋናው ገጸ ባሕሪ በጥይት ተመትቶ ነበር፤ ተመልካቹ ማን እንደተኮሰበት ለማወቅ እስከ ኅዳር መጠበቅ ግድ ሆነበት። ከዚያ በፊት በ1960 የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን በነበረ ጊዜ የተደረገው አድማ ደግሞ ፊልም በቴሌቪዥን ሲታይ ለተዋናዩ ተጨማሪ ክፍያ እንዲታሰብ፣ የጡረታና የሕክምና ፈንድም እንዲቋቋም አድርጓል። ሁልጊዜ ግን አድማው አይመታም። በ2008 እ.ኤ.አ. የተዋናዮቹ ውል ሲያልቅ ሁሉም ፈርቶ ነበር፤ ነገር ግን በድርድር አለቀ። እንግዲህ አድማ ሳይደረግም የሚሠራው የሚፈራው ሰው ሲኖር ነው ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ የሚፈራ ሰው አለ ወይ? እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት መሐል ሜዳ ነው። በልጅነቴ አበበ ባልቻ በ«ሰው ለሰው» ድራማ የተጫወተውን አስናቀን እየረገምን ነው ያደግነው። ዲሽ ያላቸው ጎረቤት ቤት ባና ተከናንበን ተደራርበን እንቀመጥ ነበር። ከዚያ በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እያቀረበ ሥርጭት ጀመረ። የአገራችን የኪነ ጥበብ ሙያተኞች በይፋ ተቃወሙት፤ ባህልንም ገበያንም ይጎዳል አሉ። እኔ ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነኝ። እውነቱን ለመናገር በእኛ ሰፈር ተቃውሞውን የሰማ ሰው አላስታውስም። የቱርኮቹ ሲመጡ ግን እንጀራ የምትጋግረውም ምጣዷን ትታ ትመጣ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ይመስለኛል። የአሜሪካ ተዋናይ ሲያቆም የሚተካው በቀላሉ አይገኝም። የእኛ ተዋናይ ሲያቆም ግን ጣቢያው ተሠርቶ ያለቀ፣ በውጭ አገር ወጪውን የመለሰ ድራማ ገዝቶ አማርኛ ያናግረዋል። በመሆኑም ቀድሞ የሚጎዳው ጣቢያው ሳይሆን ካሜራ ያዡ፣ መብራት ሠራተኛው፣ ሜካፕ ሠሪዋና ራሱ ተዋናዩ ነው።

ይህን ከወሬ አይደለም የማወራው። የአክስቴ ልጅ ከግሼ አዲስ አበባ ሄዳ በትንንሽ ገጸ ባሕሪያት ትተውናለች። እዚህ ስሟንም የድራማውንም ስም አልጠቅስም። ባለፈው ዓመት አሥራ ስድስት ክፍል ተቀርጻ የተከፈላት የስምንቱ ብቻ ነው። «ውል አልነበረሽም?» ብላት «የምን ውል? በስልክ ነው የተነጋገርነው» አለችኝ። ክፍያዋን ደጋግማ ስትጠይቅ በሚቀጥለው ክፍል ገጸ ባሕሪዋ «ዱባይ ሄደች» ተብላ ከታሪኩ ወጣች። በቃ። ተመልካችም አልጠየቀም። «ታዲያ ተሰብስባችሁ ለምን አታቆሙም?» ስላት ሳቀች። «አንተ ደግሞ! እኔ ሳቆም በሩ ላይ ሃያ ሰው ተሰልፏል» አለችኝ።

ይሁንና ያንኑ ቀን የነገረችኝ ሌላ ነገር አለ። ለኑሮዋ ድጎማ የውጭ ድራማ ላይ ድምፅ ትሠራለች። አክስቴ ግሼ ተቀምጣ ቴሌቪዥን ስታይ አንዲት ቱርካዊት በልጇ ድምፅ ስትናገር ሰምታ «ልጄ ናት!» ብላ ብድግ ብላለች። «ፊቴን መንገድ ላይ ማንም አያውቀውም፤ ድምፄን ግን ሰው ሁሉ ቤቱ ያስገባዋል» አለችኝ። እኔም ደነገጥኩ። ለካ ያ ተዋናዩን የተካው የውጭ ድራማ የሚናገረው በእኛው ሰው አንደበት ነው! በ2008ቱ ተቃውሞ የውጭ ድራማውን የተቃወመውና ለውጭ ድራማው ድምፅ የሚሰጠው በሁለት ወገን የቆሙ ይመስል ነበር። አንድ ላይ ቢቆሙ ግን ጣቢያው ከየት ያመጣ ነበር?

ሕጉስ ምን ይላል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሠራተኞች የመደራጀትና ሥራ የማቆም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አድማ እንዴት እንደሚደረግ፣ ማስጠንቀቂያም ቀድሞ መሰጠት እንዳለበት ይዘረዝራል። ነገር ግን ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 3 ዋጋ ተቀብሎ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም የሙያ ኃላፊነት የሚሠራን ሰው ከወሰኑ ያወጣዋል። በክፍል እየተከፈለው፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚሠራ ተዋናይ በዚህ ቀዳዳ ሊወድቅ ይችላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ለከዋኞች መብት ሰጥቷል፤ ሆኖም በስልክ ብቻ ተስማምቶ የሠራ ሰው ምን ፈቅዶ ምን እንዳልፈቀደ በምን ያስረዳል?

እዚህ ላይ የአገሬን ጓሳ ባነሳ ይቅር በሉኝ። የመንዝ ጓሳ ሳሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆን ሰፊ የወል መሬት ነው። በጥንት ጊዜ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ሳር ማጨድም ከብት ማሰማራትም ይከለከላል፤ ሕዝቡ የመረጣቸው ሰዎች ይጠብቁታል፤ የጣሰ ይቀጣል፤ ከዚያ ጊዜው ሲደርስ ለሁሉም ይከፈታል። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ጓሳን ዛሬም ማኅበረሰቡ ይጠብቀዋል። እኔ እንደሚመስለኝ አድማ ማለትም ይኸው ነው፤ አብሮ መታቀብ ነው። መታቀብ የሚያዋጣው ግን ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሲታወቅ፣ ጠባቂው ሲመረጥ፣ ሌሊት ገብቶ የሚያጭድ ሲጠፋ ነው። ተዋናዮቻችን ጋ ያልተሠራው ይህ ነው። አጥር ሳይኖር ክልክል ነው ማለት አዋጅ ለማንም አይሆንም።

ስለዚህ «ያድሙ» ከማለት በፊት ሦስት ነገር ይቅደም እላለሁ። አንደኛ፣ ክፍያው መቼ እንደሚከፈል፣ ድራማው ሲደገም ምን እንደሚታሰብ የሚናገር የጽሑፍ ውል ይኑር። ሁለተኛ፣ በመልክ የሚተውነውና በድምፅ የሚተውነው በአንድ ማኅበር ይሰባሰቡ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል የሚባለው። ሦስተኛ፣ ድምፅን ወይም መልክን በሰው ሠራሽ አስተውሎት መቅዳት ያለ ባለቤቱ ፈቃድና ያለ ክፍያ እንዳይሆን ውሉ ላይ ይጻፍ። የ2015ቱ የአሜሪካ አድማ አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ማሽኑ የአክስቴን ልጅ ድምፅ አንዴ ከተማረ፣ እሷ ብታቆምም ቱርካዊቷ መናገሯን አታቆምም።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ከዕዳው ነፃ አይደለንም። ነገ የመዝናኛ ገጽ ሲሰጠን ተዋናይን ስለ ሠርጓና ስለ ልብሷ እንጠይቃለን። «ውል አለሽ ወይ? ተከፍሎሻል ወይ?» ብሎ መጠየቅስ ማን ከለከለን? ያ ጥያቄ በየሳምንቱ ቢወጣ፣ ገጸ ባሕሪ በድንገት «ዱባይ ስትሄድ» ለምን ብሎ የሚጠይቅ ተመልካች ይገኛል። ያኔ ተዋናይ ሊያድም ነው ሲባል የሚስቅ ሳይሆን የሚደነግጥ ሰው ይኖራል፤ ምናልባትም ማደም ራሱ አያስፈልግ ይሆናል።