ቤቱን ያየነው እሑድ ነበር

ልደታ አካባቢ በሁለት ጠባብ ክፍሎች ተከራይተን እንኖር ነበር። ባለቤቴ የሚያገለግልበት ቤተ ክርስቲያን በእግር የሚደረስ ነው። እኔ ግን ጥበቱ አንገሸገሸኝ። በዚያው ኪራይ አያት ላይ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም እንደሚገኝ ስሰማ፣ “እንሂድ” ብዬ ወተወትሁት። ቤቱን ያየነው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ነው። መንገዱ ጭር ስላለ በመገናኛ፣ በጉርድ ሾላና በሲኤምሲ አልፈን ሳናውቀው ደረስን። “ቅርብ ነው እኮ!” ያልሁት እኔ ነኝ።

ሰኞ ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። የታክሲው ሰልፍ ረጅም ነው፤ በሰዓቱ ሹፌሮቹ መንገዱን አቆራርጠው ስለሚጭኑ ሦስት ጊዜ መሳፈር፣ ሦስት ጊዜ መክፈል ግድ ሆነ። በ2008 ዓ.ም. ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች 17 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደው ቀላል ባቡር ሲጀመር በልደታ ስለሚያልፍ እፎይ አልን። መጨናነቁ ግን ከአስፋልቱ ወደ ባቡሩ ውስጥ ገባ። ባለቤቴ ከምሽት ጉባኤ ሲመለስ ልጆቹ ተኝተዋል፤ እርሱም እራቱን ሳይጨርስ ያንቀላፋል። አብረን የምንጸልይበት ሰዓት ቀስ በቀስ የእኔ ብቻ ሆነ።

አንድ ረቡዕ ባለቤቴ አሞት ቤት ዋለ። ትንሹ ልጃችን አባቱን በቀን ብርሃን ሲያየው፣ “ዛሬ እሑድ ነው እንዴ?” አለኝ።

የምወዳችሁ ባለትዳሮች፣ እኔ ስለ መኝታ ክፍል ብዛት ጠየቅሁ እንጂ ስለ ባለቤቴ ሰዓት አልጠየቅሁም። ኪራይ ስታሰሉ የሁለታችሁንም ትራንስፖርት ደምሩበት፤ የልጆቹንም ትምህርት ቤት አትርሱ። በኮንዶሚኒየም ዕጣ ቤት የደረሳቸው ብዙዎች ሰፈሩን የመረጠላቸው ዕጣው ነው። የራሳቸውን አከራይተው ለሥራቸው ቅርብ የሚከራዩ ባልና ሚስት ሲታሙ እሰማለሁ። “ቤት እያላቸው በሰው ቤት!” ይባላል። እኔ ዛሬ አልፈርድባቸውም፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ ከእኛ ይልቅ በደንብ አስልተዋል።

እኛም ጥቂት ወራት ተነጋግረን ወደ ልደታ አቅጣጫ ለመመለስ ወሰንን። ክፍሏ አንድ ብትሆንም ግድ አልሰጠንም። በዚህኛው ጊዜ ቤት ልናይ የሄድነው ሰኞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነበር። አከራይዋ እናት በነጠላቸው እንደተከናነቡ በሩን ከፍተው፣ “ምነው ልጆቼ፣ በዚህ ሰዓት ቤት ይታያል?” አሉን።