የቡና አገር የሥዕል ፍቅር

ሥዕል መሰብሰብ የሀብታም ጨዋታ ነው የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ፣ ምነው ያን የሸዋ ቤንች ሳሎናችንን ባሳየሁት እላለሁ። ያ የጭቃ ቤት ዛሬ ፈርሶ በብሎኬት ተተክቷል፤ ግድግዳውን ግን ከወለሉ እስከ ጣሪያው በቃሌ ልወጣው እችላለሁ። ጊዜው 1970ዎቹ አጋማሽ ነው። አገሩ ገና ከፋ ክፍለ ሀገር ይባላል፣ ዋና ከተማችን ጅማ ናት፣ ጅማ ደርሶ የተመለሰ ሰው ሠፈሩ ተሰብስቦ ነው ወሬ የሚጠይቀው። በዚያ ዘመን የእኛ ቤት ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ ወረቀት ነበር! አዲስ ዘመን ጋዜጣ፣ የካቲት መጽሔት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሞስኮ የሚመጡት እነዚያ የሚያብረቀርቁ የሶቪየት መጽሔቶች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል እናቴ ዱቄት በውኃ በጥብጣ፣ እሳት ላይ እያማሰለች ሙጫ ትሠራለች። ሙጫው ሳይቀዘቅዝ ነው የሚለጠፈው። እኔና ወንድሞቼ መጽሔቱን እየገነጠልን እናቀብላለን፤ የትኛው ገጽ የት ይሁን የሚለው ክርክር የቤቱ ትልቅ ጉባኤ ነበር። የመሪዎች ፎቶግራፍ ወደ ላይ፣ ትራክተርና ፋብሪካ ወደ ጓዳው በር፣ ሥዕል ያለበት ገጽ ደግሞ እኔ ራስጌ! ለደብተር መሸፈኛ የሚፈለገውም ያው ወረቀት ስለነበር ፉክክሩ ቀላል አይምሰላችሁ። አንድ ባለ ቀለም ሥዕል ለማትረፍ ስንት ብይ ከኪሴ ወጥቷል።

አንዱ ገጽ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። የሩሲያዊው የኢሊያ ረፒን ሥዕል ነው፤ በቮልጋ ወንዝ ዳር መርከብ የሚጎትቱ አሥራ አንድ ሰዎች። ደረታቸው ላይ ሰፊ ጠፍር አጥልቀው፣ ወደ ፊት ዘመም ብለው ይጎትታሉ። ከመካከላቸው አንድ ለጋ ወጣት ብቻ ቀና ብሎ ጠፍሩን በእጁ ከደረቱ ላላ ሊያደርገው ይታገላል። ቮልጋን አላውቅ፣ ሩሲያን አላውቅ፤ ሰዎቹን ግን አውቃቸዋለሁ! የቡናው ጊዜ ደርሶ መንገድ ዳር የቆመው ኤንትሬ መኪና ላይ ኩንታል ጀንፈል ቡና የሚጭኑት ወዛደሮች ናቸው። ያው አጎነባበስ፣ ያው ትንፋሽ። ማታ በኩራዝ ብርሃን እያየኋቸው "እነዚህ ሰዎች መቼ ይሆን የሚያርፉት?" ስል እንቅልፍ ይወስደኛል። በሰው አገር የተሳለ ሥዕል የራስን ሰው ሊያሳይ እንደሚችል ያስተማረኝ ያ ገጽ ነው።

ዋናው ስብስባችን ግን ግድግዳ ላይ የተለጠፈው አልነበረም፤ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው ነው። እንቁጣጣሽ ሲጠባ ሴቶቹ አበባየሆሽ እያሉ ይዞራሉ፤ እኛ ወንዶቹ ደግሞ በየቤቱ ሥዕል ይዘን እንገባለን። መልአክ፣ አበባ፣ ፀሐይ፣ ከሥሩ "እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ" የሚል ጽሑፍ። የቀለም እርሳስ ያለው ልጅ ያኔ እንደ ልዑል ነው የሚታየው፤ የቀረነው ቀለማችንን ከጓሮ እናመጣለን። ጥቁሩ ከሰል ነው። ቡናማው የቡና አተላ። አረንጓዴው በድንጋይ የተወቀጠ ቅጠል። ወይን ጠጁ ከጤና ጣቢያ የሚገኘው፣ ቁስል የሚቀባው ጂቪ። ቢጫው ደግሞ እርድ! ከሸኮ እስከ ቴፒ አገሩ የእርድ አገር ነውና ቢጫ ሞልቶ ተርፎናል፤ ፀሐያችን ከማንም አገር ፀሐይ ትደምቃለች።

አባቴ የቡና ሰብሳቢ ነበር። ከገበሬው እየገዛ ለአቅራቢ ያስረክባል። በዓመት በዓሉ ጠዋት በር ላይ ቆሞ ሥዕሉን ከልጆቹ ይቀበላል፣ ሳንቲም ይሰጣል፣ ከዚያ ወስዶ ደረሰኝና መዝገብ የሚያስቀምጥበት የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ከሥር ይደረድራቸዋል። እናቴ "ይኼ ሁሉ ወረቀት ምን ያደርግልሃል?" ስትለው "የልጅ እጅ ነው፣ አይጣልም" ይላል። በቃ፣ ሌላ ማብራሪያ የለውም።

ከነዚያ ሥዕሎች ዛሬ እጄ ላይ ያሉ አሉ። አንዱን ላሳያችሁ። ከባለ መስመር ደብተር የተገነጠለ ገጽ ነው። መልአኩ ሁለት ክንፍ አለው፤ ቀኙ ከግራው እጥፍ ይሆናል፣ ጫፉም ከወረቀቱ አልፎ ሊወጣ ሲል ተቆርጧል። ክንፉ ጂቪ ነው፤ ልጁ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ እንደቀባው አሻራው ይናገራል። ሰይፉ ከሰል ነው፣ ተነካክቶ ደበዘዘ። አክሊሉ ግን፣ የእርዱ ቢጫ፣ ትናንት የተቀባ ይመስላል! ግድግዳ ላይ የለጠፍናቸው ቢጫዎች በወራት ውስጥ ነጥተው ጠፍተዋል፤ የእርድ ቀለም ብርሃን አይችልም። ጨለማ ሣጥን ውስጥ የኖረው ተረፈ። ጀርባውን ብትገለብጡት ባዶ ነው፤ የሠዓሊው ስም የለም። ያ ልጅ ማን እንደነበር ለማወቅ ስንት ነገር በሰጠሁ!

ሌላው ሥዕላችን ኪሳችን ውስጥ ነበር። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው አምስት ብር ላይ ቡና የሚለቅም ሰው አለ። አገሩ ሁሉ ስለ አክሱም ሐውልትና ስለ ፋሲል ግንብ ሲያወራ፣ የእኛ ሰው የእኛን ቅርንጫፍ ይዞ ብር ላይ! አዲስ፣ ያልታጠፈ አምስት ብር ስናገኝ ወደ ብርሃን ይዘን ቅጠሉን፣ ፍሬውን፣ የመስመሩን ጥራት እያየን እንደነቅ ነበር። በ2013 ዓ.ም. መባቻ የብር ኖቶቹ ሲቀየሩ አምስት ብር ወደ ሳንቲም እንዲዞር ተወሰነ። እኔ አንዱን ንጹሕ ኖት በመስታወት አስገብቼ ከሥዕሎቼ ጎን ሰቅዬዋለሁ፤ ቦታው ይገባዋል።

አዲስ አበባ ስገባ የሆንኩትን ምን ልበላችሁ! ያኔ ከሚዛን ከተማ በቦንጋ፣ በጅማ አድርጎ በአቧራና በጭቃ፣ መንገድ ላይ ታድሮ ነው የሚደረሰው። ከድካሜ ሳላገግም ብሔራዊ ሙዚየም ወሰዱኝ። ፎቅ ወጣሁ። የሠዓሊው የአፈወርቅ ተክሌ ሸራ ፊት ቆምኩ። የመጀመሪያው ነገር ልቤን የመታው ምን መሰላችሁ? ቀለሙ አካል አለው! ከጎን ሲያዩት ከፍ ዝቅ ይላል፣ ብሩሹ የሄደበት መንገድ እንደ እርሻ ትልም ይታያል። እስከዚያ ቀን ድረስ ለእኔ ሥዕል ማለት ልሙጥ ወረቀት ነበር። ዘበኛው "ልጄ፣ ራቅ በል" እስኪለኝ ድረስ አፍንጫዬ ሸራው ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው።

ከዚያ ወዲያ ምን ይያዘኝ! አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ አፈወርቅ በ1950ዎቹ የሠሩት የመስታወት ሥዕል አንድ መቶ ሃምሳ ካሬ ሜትር መሆኑን ሰምቼ የእኛን ቤት ግድግዳ ለመለካት በሐሳቤ ወደ ሸዋ ቤንች ተመለስኩ። አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው መጥተው በ1950 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እንደመሠረቱ፣ ሐረር የተወለደው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ኮሎኝ፣ እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ ተመልሰው እዚያው እንዳስተማሩ ሰማሁ። የእስክንድርን ሥራ የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1965 ገዝቶት ነበር፤ እኔ ገና ሳልወለድ! ገብረ ክርስቶስ በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ ኦክላሆማ በስደት አርፏል። ዛሬ ስድስት ኪሎ በስሙ የተሰየመው ሙዚየም ውስጥ ጀርመን ቆይተው የተመለሱት ሥዕሎቹ አሉ። እነሱ ፊት ስቆም የሚሰማኝ ደስታ ከሐዘን ጋር የተቀላቀለ ነው። ሥዕሉ አገሩ ገባ፤ ሰውየው ግን አልገባም።

የመጀመሪያውን ዘይት ቅብ የገዛሁት ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ተመራቂዎች ዐውደ ርእይ ነው። ዋጋው ያኔ የአንድ ኩንታል ጀንፈል ያህል ነበር። የዝናብ ደመና፣ ከሥሩ አንድ ቀይ ጃንጥላ፤ ሌላ ምንም የለውም። የእኛ ዝናብ ነው! ሠዓሊው አገራችንን አይቶት አያውቅም፤ ግን ያ ግራጫ ከሰዓት በኋላ ሚዛን ላይ የሚወርደው ግራጫ ነው። ጠቅልዬ ለአባቴ ይዤ ሄድኩ። ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁለት። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ አየውና "ከማን ገዛኸው?" አለኝ።

"ከአንድ ወጣት ነው አባዬ።"

"ስሙን ጽፈሃል?"

"አልጻፍኩም።"

ተነሣ፣ የቡናውን መዝገብ አመጣ። ገለጠልኝ። ከማን፣ መቼ፣ ስንት ኪሎ፣ በስንት ብር፤ በየመስመሩ። "ዕቃ ከማን እጅ እንደመጣ ካልተጻፈ ነገ ባለቤት የለውም" አለኝና እስክሪብቶውን አቀበለኝ። የሠዓሊውን ስም፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ የገዛሁበትን ቦታ በሸራው ጀርባ እንጨት ላይ ጻፍኩ። በዓለም ትልልቅ ሙዚየሞች ባለሙያ ተቀጥሮ የሚመረምረው፣ ጨረታ ቤቶች ያለ እሱ ዋጋ የማይቆርጡለት ነገር ይኼው ነው፦ ሥዕሉ ከማን ወደ ማን፣ መቼ ሄደ? አባቴ ከጀንፈል ገበያ ያውቀው ነበር! ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀርባው ያልተጻፈበት ሥዕል ቤቴ ገብቶ አያውቅም።

ለመሰብሰብ የግድ ሀብታም መሆን እንደማያስፈልግ የሚያሳየው ትልቁ ምስክሬ ደግሞ ስታኒስላው ሆይናትስኪ ነው። ፖላንዳዊ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበር። በ1940ዎቹ አዲስ አበባ መጥቶ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ሲሠራ፣ ብዙ ሰው ለቱሪስት የሚሸጥ ሸቀጥ አድርጎ ያየውን የባህላዊ ሠዓሊዎች ሥራ እየመረጠ ሰበሰበ። ንግሥተ ሳባ፣ አድዋ፣ አደን፣ ግብር። ዛሬ ያ ስብስብ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥ ነው፤ የተቋሙ ወዳጆች ማኅበርም እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ገንዘብ እያዋጣ ቅርሶች ከአገር እንዳይወጡ ገዝቶ አስቀርቷል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል "በርካሽ አለ" ብሎ የሚቀርባችሁን ሰው አትስሙት። በቅርስ ጥበቃ አዋጅ 209/1992 ምክንያት ብቻ አይደለም፤ ያ ሥዕል የሚሳለመው ሰው አለው፣ ቦታው መቅደሱ ነው። ሰብሳቢ ማለት በሕይወት ካለ ሠዓሊ እጅ የሚገዛ ሰው ነው።

አሁንስ? አሁንማ ጊዜው የእኛ ነው! ቦሌ መንገድ ላይ ማኩሽ፣ ሌላ ቦታ አዲስ ፋይን አርት፣ መካኒሳ ዞማ ሙዚየም፤ በሩ ክፍት ነው፣ ገብቶ ለማየት የሚከለክል የለም። አዲስ አበባ የተወለደችው የጁሊ ምሕረቱ ሥራ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ኒው ዮርክ ላይ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሸጥ ሌሊቱን ሳልተኛ ነው ያደርኩት። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ ቢየናሌ የራሷን አዳራሽ ከፍታ የተስፋዬ ኡርጌሳን ሥዕሎች አሳየች። ወንድሜን ሚዛን ደውዬ "ቬኒስ ገባን!" ስለው ሆቴል የያዝኩ መስሎት "መቼ ነው የምትመለሰው?" አለኝ። ያን ቀን የሳቅነው ሳቅ!

ደግሞ እዩት ይኼን። ሠዓሊው ሥራውን በቴሌግራም ይልክልኛል፣ በቴሌብር እከፍላለሁ፣ ሸራው ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ ተጠቅልሎ በፕላስቲክ ቱቦ በአስፋልቱ መንገድ ቁልቁል ሚዛን ይገባል። ወደ ውጭ መሆኑ ምክንያት አለው፤ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ቀለሙ ተጨምቆ ይሰነጣጠቃል። የእኛ አገር እርጥበት ደግሞ ጠላት ነውና ዝናብ በሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀሉ፤ ከፍሬሙ ጀርባ በአራቱም ማዕዘን ቁራጭ ቡሽ ለጥፉበት፣ አየር ይግባው፣ ሻጋታ አይይዘውም። ከጓዳ ጭስ አርቁት። ወረቀት ላይ የተሠራ ከሆነ ጋዜጣ አታስደግፉት፤ የጋዜጣ ወረቀት ሲያረጅ አሲዱ የጎረቤቱንም ያበላሻል።

የሚዛን፣ የአማን፣ የቴፒ ሆቴል ባለቤቶች፣ የቡና አቅራቢዎች፣ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ከቻይና የመጣውን የታተመ ፏፏቴ ከሳሎኑና ከእንግዳ መቀበያው አውርዱት። የተመራቂዎቹ ዐውደ ርእይ በየዓመቱ ይከፈታል፤ ዘንድሮ ከቡናው ገንዘብ የአንድ ኩንታሉን ዋጋ ለይታችሁ ሂዱ፣ ልባችሁን የመታውን አንድ ሸራ ግዙ፣ የሠዓሊውንም ስም ጠይቃችሁ ጀርባው ላይ ጻፉ።