ጀበናው ሲጣድ ገብሱ ይራባል

በየዳ ቡና አይበቅልም። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በቆመበት አገር ውርጩ ለቡና አይመችም፤ የአገሩ ሲሳይ ገብስ ነው። ሆኖም እኛ የበየዳ ልጆች ቡና ሳንጠጣ አንውልም። ከገበያ የሚመጣው ቡናና በደጃችን የሚበቅለው ገብስ ግን ሳይተያዩ ባላጋሮች ናቸው። ይህን ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ተማሪዎች ለመግለጽ ወደድን።

ሁለቱም የሚመገቡት ናይትሮጂን የተባለውን ነገር ነው። ከምንተነፍሰው አየር ከመቶው 78 እጅ ያህሉ እርሱ ነው። ዳሩ ግን «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እንደሚባለው፣ ቡናም ሆነ ገብስ ከአየሩ በቀጥታ ሊወስደው አይችልም። በአፈር ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች የወደቀውን ቅጠልና የከብቱን እበት አብላልተው በመጀመሪያ ወደ አሞኒየም፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ያን ጊዜ በአፈሩ እርጥበት ይሟሟል፤ ቀጫጭኖቹ ሥሮችም ይስቡታል። ምግቡ ሲያንስ አስቀድመው ቢጫ የሚሆኑት አሮጌዎቹ ቅጠሎች ናቸው፤ ተክሉ ከአሮጌው ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣልና።

በጣና ዳር በዘጌ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ቅጠሉ ከላይ ይረግፋል፤ በዚያው ይበሰብሳል፤ ለቡናው ሥር ይደርሳል። በእኛ አገር ግን እንጨት ጥቂት ስለሆነ እበቱ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆንና ወደ ምድጃ ይገባል። ቡናው ይቆላል፤ ጀበናው ይፈላል፤ በእበቱ የነበረው ናይትሮጂን ግን አብዛኛው ከጢሱ ጋር ይሄዳል። አመዱ ለማሳው ሌላ ጥቅም ቢኖረውም ያን አይመልስም። እንግዲህ ጀበናው በተጣደ ቁጥር ከገብሱ ምሳ ይቀነሳል ማለት ነው።

ይህን ስንል እናቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም። በዚያ ብርድ እሳት ሕይወት ነው። ማገዶ ለሌለው ሰው «ኩበት አታንድድ» ማለት ከብርድና ከረሃብ አንዱን ምረጥ ማለት ይሆናል። አባቶቻችንም ቢሆኑ ባቄላ የከረመበት ማሳ ለገብስ እንደሚስማማ ያውቃሉ። ምክንያቱም በባቄላ ሥር እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጂንን ከአየር ይይዛሉ። ዩሪያ የተባለው ማዳበሪያም ከመቶው 46 እጅ ናይትሮጂን አለው፤ ነገር ግን ገንዘብ ይጠይቃል፤ በተዳፋት ማሳ ላይም ናይትሬቱን ዝናብ ያጥበዋል።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደ አገራችን ስንገባ ምክር ይዘን ብቻ አንሂድ። ብርድ የሚችል የማገዶ ዛፍ ችግኝ፣ ኩበት የሚቆጥብ ምድጃ፣ ለባቄላ የሚሆን ዘር ይዘን እንሂድ። የተረፈው እበት ወደ ማሳው ሲመለስ፣ እናቶቻችን ቡናውን ያለ ወቀሳ ያፈላሉ፤ እኛም ከገብሱ ቆሎ ጋር ያለ ዕዳ እንጠጣዋለን።