ሳይቃጠል በቅጠል

የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼን ኬሚስትሪ የማስተምረው በጠመኔ ነው። ብልቃጡን በጠመኔ ሥዬ፣ አሲዱን በጠመኔ ሞልቼ፣ ቤዙን ጠብ ጠብ አድርጌ ካበቃሁ በኋላ፣ «እነሆ፣ ቀለም ያልነበረው ፈሳሽ ሮዝ ሆነ» እላለሁ፤ ጠመኔዬ ግን ነጭ ነው። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ተነሥታ፣ «መምህር፣ እርስዎ ሮዝ ሲሆን አይተውታል?» አለችኝ።

አይቼዋለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ። ዳሩ ግን በእነዚያ ዓመታት ከግቢው አጥር ማዶ ያለውን ትምህርት ቤት አንድ ቀን እንኳ ደጁን ረግጬ አላውቅም ነበርና አፈርሁ።

ይህንኑ ለአያቴ ባጫወትሁት ጊዜ የራሱን ዘመን አነሣልኝ። የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረበት ጊዜ፣ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ያደርግ ነበር፤ አብዛኞቹም የሚመደቡት በአስተማሪነት ነው። «ሂሳብን የገለጠልኝ እንዲህ ያለ ልጅ ነው» አለኝ አያቴ፤ «በዕድሜ ብዙ አይበልጠንም ነበርና መጠየቅ አልፈራንም።»

ወደ እኛ ጊዜ ስንመጣ፣ የ2014 ዓ.ም.ን የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች ማለፊያ ካላገኙት የተሻሉትን ተቀብለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ሰጥተዋል። መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ልጁ ከወደቀ በኋላ የተዘረጋ እጅ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለምን?

እኛም በቅርባችን ላለው ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ጻፍን። ደብዳቤው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር ሁለት ወር ቆየ። በመጨረሻ አንድ ወጣት መምህር ቅዳሜ ጧት ቤተ ሙከራውን ከፈተልን፤ ሦስት ተማሪዎቹም ከልጆቻችን አጠገብ ቆመው ረዱን። ያቺ ጠያቂ ልጅ ቤዙን አብዝታ ፈሳሹን ደማቅ ቀይ አደረገችውና፣ «አበላሸሁት!» ብላ ደነገጠች። አጠገቧ የቆመው ተማሪ፣ «እኔም ሦስት ጊዜ አበላሽቻለሁ፤ ድገሚው» አላት። በሁለተኛው፣ በአንዲት ጠብታ፣ ሮዝ ሆነላት።

በአንዲት ቅዳሜ ውጤታቸው ተለወጠ አልልም። ሰኞ ዕለት ግን ከኋላው ወንበር አምስት እጆች ለጥያቄ ተነሡ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከመካከላችሁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ ከወሩ አንዲቱን ቅዳሜ ቀንሶ አጥሩን ይሻገር። በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ያረፈለትም አያሳድረው።