እሹሩሩ በስንት ቋንቋ ይባላል?

ልጃችሁ በሚውልበት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ስንት ቋንቋ እንዳለ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ጠዋት ሁሉም የሚዘምሩት መዝሙር አንድ ነው። ማታ ግን አንዱ በኦሮምኛ፣ ሌላዋ በጉራጊኛ፣ ሌላው በትግርኛ ወይም በጋሞኛ እሹሩሩ ተብለው ይተኛሉ። አዲስ አበባ እንጀራ ፍለጋ ከየአቅጣጫው የሚመጣውን የምታስተናግድ ከተማ ናትና ይህ አያስደንቅም። የሚያሳስበው አማርኛ ሳይለምድ ክፍል የሚገባው ሕፃን ነው። ግራ ሲገባው ዝም ይላል፤ ዝም ሲል ደግሞ «ፈዛዛ ነው» ይባላል።

ሽሮ ሜዳን የማያውቅ የለም፤ የሀገር ልብስ የምንሸምተው ከዚያ ነው። ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከዶርዜ የመጡ ናቸው። ባል ይሸምናል፣ ሚስት ትፈትላለች፤ ቤት ውስጥ የሚነገረውም የአገራቸው ቋንቋ ነው። ስለ ዶርዜዎች ግን ከሸማው ሌላ ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። ዘፈናቸው ብዙ ድምፆች በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ የየራሱን መንገድ ይዞ የሚሰማበት ነው፤ የሙዚቃ ሊቃውንትም ቀርጸው አጥንተውታል።

ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ የ4 ዓመት ልጅ በዚያው አካባቢ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት አየሁ። ከገባ 3 ሳምንት ሆኖት አንድ ቃል አልተነፈሰም ነበር። ከዚያ በፊት የነበረበት ሌላ መዋዕለ ሕፃናት እናቱን «ቤት ውስጥ በአማርኛ ብቻ አናግሪው» ብሏት ነበር። የእናቲቱ አማርኛ ግን ለገበያ እንጂ ለእሹሩሩ የሚበቃ አልነበረም። ስለዚህ ልጇን ማናገር ቀነሰች።

አዲሲቱ መምህርት አንድ ማለዳ እናቲቱን ጠርታ ልጇን የምታባብልበትን ዜማ እንድታሰማ ለመነቻት። እናቲቱ አፍራ፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ጀመረች። ልጁ አብሯት አልዘፈነም፤ ነገር ግን በጣቶቹ ጉልበቱን እየመታ ምቱን ያዘ። በማግስቱ መምህርቷ ከበሮ ሰጠችው። ሌሎቹ ሕፃናትም ትርጉሙን ሳያውቁ ዜማውን ተቀበሉት። ከዚያ ወዲህ የእርሱ «ሳሮ»፣ የአማርኛው «እንደምን አደራችሁ»፣ የኦሮምኛው «አካም ቡልተን» እና የትግርኛው «ከመይ ሓዲርኩም» በአንድ ዜማ ይዘመራሉ። ልጁ አማርኛ የተናገረው ከወራት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን የክፍሉ ከበሮ መቺ ነበር እንጂ ፈዛዛው ልጅ አልነበረም።

ዜማ ይህን ለማድረግ የቻለው ለምንድን ነው? ሕፃን ቃል ከመለየቱ በፊት ድምፅ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1980 አንቶኒ ዴካስፐርና ዊልያም ፋይፈር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ከተወለዱ 3 ቀን ያልሞላቸው ሕፃናት ከሌላ ሴት ድምፅ ይልቅ የእናታቸውን ለመስማት ሲሉ አጠባባቸውን እንደሚለዋውጡ አሳይተዋል። መዝሙር ደግሞ ቃሉን ያዘገያል፣ ይደጋግማል፣ በእጅና በእግር ያጅባል። ቋንቋውን ያልለመደ ልጅ ለመናገር ሳይገደድ ያጨበጭባል፤ ሲያጨበጭብም ከጓደኞቹ እኩል ነው።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ደንግጓል። ይሁን እንጂ አራት አምስት ቋንቋ በአንድ ክፍል በሚገናኝበት ከተማ ለየቋንቋው መምህር ማቅረብ ይከብዳል። መዝሙር ይህን ሁሉ አይጠይቅም። መምህርቷ እናትን ብትጠይቅ፣ ዜማውን በስልኳ ብትቀዳና ቃሉን አስተካክላ ለመጥራት ብትለማመድ ይበቃታል።

«የኔ ልጅ አማርኛው ይደባለቅበታል» የምትል እናት አትጠፋም። ሁለት ቋንቋ እየሰማ የሚያድግ ልጅ ቃላት ሊቀላቅል ይችላል፤ ይህ ግን የመደናገር ምልክት አይደለም።

እንግዲህ ከሩቅ የመጣችሁ እኅቶቼ፣ አማርኛውን ልጃችሁ ከትምህርት ቤትም ከሰፈርም ያገኘዋል፤ የአገራችሁን እሹሩሩ ግን ከእናንተ በቀር የሚሰጠው የለምና አትተዉት። የከተማው ተወላጆች ደግሞ፣ ልጃችሁ የማታውቁትን መዝሙር እየዘመረ ቢመጣ ከየትኛው ጓደኛው እንደተማረው ጠይቁት። በሚመጣው የወላጆች ስብሰባም ከዚያ ጓደኛው እናት አጠገብ ተቀመጡ።