አንድ ፍሬ ሲጋር፣ የሁለት ወር ደመወዝ

«ኮሂባ ቤሂኬ» የሚባል የኩባ ሲጋር አለ። ውጭ አገር ከ100 ዶላር በላይ ይሸጣል። ሳጥኑ አይደለም፣ አንዱ ፍሬ። በአሁኑ ምንዛሪ ከ14 ሺህ ብር በላይ መሆኑ ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 6,000 ብር ነው። የአንድ ሰው የሁለት ወር ደመወዝና ትርፍ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጭስ ሆኖ ይሄዳል።

ይህን ያህል ያወጣል ወይ? ጥያቄው ለዘነበወርቅ ሰው የቅንጦት ይመስላል። አለርት ሆስፒታል አጥር አጠገብ፣ ታክሲ መያዣው ጋ፣ ሱቅ በደረቴው ሲጋራ የሚሸጠው በፍሬ ነው። ኒያላ ያለው ኒያላ ይሰጠዋል፣ ላይተር አብሮ ይዋሰዋል፣ ሁለት ማስቲካ ጨምሮ ይሄዳል። ሲጋር የሚባለውን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በፊልም ነው።

ነገር ግን ጥያቄው ዘንድሮ አንድ የዘነበወርቅ ቤት ገብቶ ቤተሰብ አነታርኳል። አባወራው ጎረቤት «ኩባው» የሚላቸው፣ 57 ዓመት የሆናቸው ሰው ናቸው። ስሙ ዝም ብሎ አልወጣላቸውም። አባታቸው በኦጋዴን ጦርነት ከወደቁት አንዱ ነበሩ። ኩባ ወታደሮቿን ልካ ከኢትዮጵያ ጎን በተዋጋችበት በዚያ ጦርነት ወላጅ ያጡ ልጆች፣ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ «የወጣቶች ደሴት» ወደሚባለው የኩባ ደሴት ተላኩ። የትምህርት ቤቶቻቸው ስም ካራማራና መንግሥቱ ኃይለማርያም ነበር። ግማሽ ቀን ክፍል፣ ግማሽ ቀን የብርቱካንና የግሬፕፍሩት እርሻ። ኩባው የሄዱት በ11 ዓመታቸው ነው። ከደሴቱ በኋላ እርሻ ሊማሩ ፒናር ዴል ሪዮ ገቡ። በመከር ወቅት ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር የትምባሆ ቅጠል ለቅመዋል፣ ተሸክመዋል፣ ሰቅለዋል።

ዘንድሮ የእህታቸው ልጅ ከስፔን ሲመጣ አንድ ቤሂኬ ይዞላቸው መጣ። አጎቱ ሲያወሩለት ያደገበት አገር ስጦታ ነው ብሎ። ዋጋውን የተናገረው እሱ ራሱ ነው፤ በዚያ ቅጽበት ሲጋሩ ስጦታ መሆኑ ቀርቶ ጉዳይ ሆነ። ባለቤታቸው «ቦሌ ያሉ ሆቴሎች ይገዙናል፣ ይሸጥና የልጅቷ የትምህርት ቤት ክፍያ ይሁን» አሉ። ጎረቤት «ጋሼ፣ አንድ ቀን እንኳ እንደ ሚኒስትር ያጭሱ እንጂ!» አለ። ኩባው ራሳቸው ኒያላ ካቆሙ 12 ዓመታቸው ነው፤ ያስተዋቸው ሌሊት የማያስተኛ ሳል ነበር። ሲጋሩ ቡፌው ላይ፣ ከሠርግ ፎቶው አጠገብ ተቀመጠ።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ፒናር ዴል ሪዮ ከሃቫና በስተምዕራብ ያለ ግዛት ነው። ዝነኛው የሲጋር ቅጠል የሚበቅለው በዚያው፣ ቩዌልታ አባሆ በሚባለው ስፍራ ነው። ለላይኛው ልባስ የሚፈለገው ተክል ፀሐይ እንዳያሻክረው በስስ ጨርቅ ዳስ ሥር ያድጋል። ቅጠሉ እንደ ጤፍ አንዴ ታጭዶ አይነሳም። ከሥር ወደ ላይ፣ ጥቂት ጥቂት ቅጠል እየተባለ፣ በየተወሰነ ቀኑ በእጅ ይለቀማል። ከዚያ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ለሳምንታት ይደርቃል፣ ተከምሮ ይብላላል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይብላላል። ለውድ ሲጋር የሚመረጠው ቅጠል ጠቅላዩ እጅ እስኪደርስ ዓመታት ያልፋሉ።

የጠቅላዩ መሣሪያ አንድ የእንጨት ገበታ፣ ቻቬታ የምትባል እጀታ የሌላት ስለትና ጥቂት ሙጫ ነው። መሃል ሙሌቱ፣ በላዩ ማሰሪያው፣ ከሁሉም በላይ ልባሱ። ጥብቅ ካለ አይስብም፤ ልል ካለ ነዶ ያልቃል። ጎበዝ ሠራተኛ በቀን የሚያወጣው መቶ አካባቢ ነው። ሠራተኞቹ ሲጠቀልሉ ከፊታቸው አንድ አንባቢ ተቀምጦ ጋዜጣና ልብ ወለድ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1935 የተጀመረው «ሞንቴክሪስቶ» ሲጋር ስሙን ያገኘው ከአሌክሳንደር ዱማ ልብ ወለድ ነው።

ስለዚህ «ቅጠል ጠቅልሎ ይህን ያህል?» የሚል ሰው ሥራውን አላየም። ኩባው በዚህ ላይ ቀልድ አያውቁም። ማሳው፣ ማድረቂያው፣ ዓመታቱ፣ የሰው እጅ፣ ሁሉም ገንዘብ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ስንት ነው የሚለው ነው።

ለዚህ መልስ አለ። ከኩባ አብዮት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 የሲጋር ፋብሪካዎች ሲወረሱ፣ ብዙ የሙያው ቤተሰቦች ዕውቀታቸውን ይዘው ተሰደዱ። ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ሆንዱራስና ኒካራጓ ላይ ያንኑ ሥራ ቀጠሉ። ዛሬ በእጅ የተጠቀለለ፣ ቅጠሉ በወጉ የተብላላና ያረፈ ጥሩ የኒካራጓ ሲጋር አሜሪካ ውስጥ በ10 ዶላር አካባቢ ይገኛል። በዚህ 10 ዶላር ውስጥ ገበሬው፣ ጠቅላዩ፣ ጫኙና ነጋዴው ሁሉም ድርሻቸውን አግኝተዋል። እንግዲህ የቀረው 90 ዶላር የማን ነው?

ከፊሉ የብርቅነት ነው። ኮሂባ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲጀመር ለፊደል ካስትሮና ለእንግዶቻቸው የሚሠራ ነበር፤ ለገበያ የቀረበው በ1982 ነው። ቤሂኬ በ2010 ሲመጣ «ሜዲዮ ቲየምፖ» የሚባለውን፣ በጥቂት ተክሎች ጫፍ ላይ ብቻ የሚገኘውን ቅጠል ይዞ ነው። ይህ እውነተኛ ብርቅነት ነው። የኩባ መሬትም የራሱ ጣዕም አለው፤ የሚያውቁት ይለዩታል።

ከዚያ በላይ ያለው ግን ከማሳ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የኩባን ሲጋር ለዓለም የሚያከፋፍለው ሃባኖስ ኩባንያ የኮሂባን ዋጋ በየአገሩ ወደ ሆንግ ኮንግ ዋጋ ከፍ ለማድረግ ወሰነ። በብዙ ገበያ ዋጋው እጥፍና ከዚያም በላይ ሆነ። በዚያው ዓመት መስከረም ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ ፒናር ዴል ሪዮ ውስጥ ሺዎች ማድረቂያ ቤቶችን ማፈራረሱ እውነት ነው፤ የዋጋው ውሳኔ ግን ከነፋሱ በፊት የመጣ ነው። ቅጠሉ ያው፣ እጁ ያው፣ ሳጥኑ ያው። ዋጋው ብቻ ተነሳ። ገዢ ሸሸ? አልሸሸም። በቀጣዩ ዓመት ኩባንያው 721 ሚሊዮን ዶላር ሸጦ በ31 በመቶ አደገ።

ይህ ለኢኮኖሚ ተማሪ አዲስ አይደለም። ቶርስታይን ቬብለን እ.ኤ.አ. በ1899 ባሳተመው መጽሐፍ አንዳንድ ዕቃ የሚፈለገው ውድ በመሆኑ ነው ብሎ ጽፏል። ዋጋው ሲወርድ ፈላጊው ይቀንሳል፤ ምክንያቱም የተገዛው ዕቃው ሳይሆን መታየቱ ነው። የአዲስ አበባን ሠርግ ያየ ሰው ቬብለንን ማንበብ አያስፈልገውም። ውዱ ውስኪ ጠረጴዛው መሃል የሚቆመው ለጣዕሙ ብቻ አይደለም።

ከዚህ የሚገርመው ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ጥናት ሰዎችን የአንጎል መመርመሪያ ውስጥ አስገብቶ ወይን አቀመሳቸው። አንዱን ወይን አንድ ጊዜ «የ5 ዶላር ነው»፣ ሌላ ጊዜ «የ45 ዶላር ነው» ብለው ሰጧቸው። ውድ ነው የተባለው ጊዜ ሰዎቹ ይበልጥ እንደጣፈጣቸው ተናገሩ፤ ደስታን የሚመዘግበው የአንጎል ክፍልም አብሮ ነቃ። አልዋሹም ማለት ነው። ዋጋው ራሱ ቅመም ሆኗል። ስለዚህ 100 ዶላር ከፍሎ «ልዩ ነው!» የሚለውን ሰው አታላይ ማለት አይቻልም። የቀመሰው ግን ቅጠሉን ብቻ አይደለም፣ ደረሰኙንም ጭምር ነው።

እዚህ ላይ ኩባው የሚያነሱት አንድ ነጥብ አለ። ኩባ ድሃ አገር ናት፤ ነገር ግን ስሟን አታረክስም። ሸማቹ ቅጠል ሳይሆን ስም እንደሚገዛ ገብቷታል። ኢትዮጵያ ደግሞ ቡናዋን በጆንያ ስትሸጥ ኖራ፣ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች ለማስከበር ከስታርባክስ ጋር ተሟግታ በ2007 እ.ኤ.አ. ስምምነት ላይ ደረሰች። ስም ሀብት መሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ይህ እውነት ነው። ግን ሙሉ አይደለም። የሃባኖስ ግማሽ ድርሻ የውጭ ባለሀብቶች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከአንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ወደ እስያ ገዢዎች የተላለፈውም ያ ግማሽ ነው። ስሙ ሲከብር የለቃሚው ኪስ የግድ አብሮ አይከብርም። ይህንንም ከቡናችን እናውቀዋለን።

ወደ ዘነበወርቁ ቤት እንመለስ። ክርክሩን የቀየረው የ19 ዓመቱ ልጃቸው ነው። ልጁ ከሰፈር ጓደኞቹ ጋር በፍሬ መግዛት ጀምሯል፤ እናት ጃኬቱ ላይ ሸተታቸው። አባት ሲቆጡ ልጁ ወደ ቡፌው አመለከተ። «አባዬ፣ ይሄስ ትምባሆ አይደል? ይሄ ለምን ክብር ሆነ?»

ኩባው መልስ አልነበራቸውም። በማግስቱ እሑድ ከቁርስ በኋላ ልጁን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ሲጋሩን አወረዱ፣ የሽንኩርት ቢላ አመጡ፣ ቀለበቱን ቆርጠው ፈቱት። ልባሱን ቀስ ብለው ተረተሩት፤ እንደ ስስ ቆዳ ሆኖ ተዘረጋ። ማሰሪያውን ፈቱ። ሙሌቱን አንድ በአንድ ደረደሩ። «ይህ ከተክሉ ሥር ነው፣ እንዲነድ ነው። ይህ ከመሃል ነው፣ ለሽታ ነው። ይህ ከጫፍ ነው፣ ጉልበቱ እሱ ነው።» ልጁ በመጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ዝም አለ። እናት «14 ሺህ ብር!» ብለው ወደ ኩሽና ሄዱ። ጠረጴዛው ላይ የቀረው ጥቂት ቡናማ ቅጠልና አንድ የሚያብለጨልጭ የወረቀት ቀለበት ነው። «ያው ትምባሆ ነው ልጄ። ክብሩ ወረቀቱ ላይ ነው» አሉት።

የእህታቸው ልጅ ሲሰማ ተቀየመ። ተቃውሞው ባዶ አይደለም፤ ስጦታ ነው፣ ለፍቶ ያመጣው ነው። ባለቤታቸውም እስካሁን ይቆጫቸዋል፤ የትምህርት ቤት ክፍያ በንግግር አይከፈልም። ልጁ ማቆም አለማቆሙንም ማንም በእርግጠኝነት አይናገርም። ኩባው ግን የጠየቃቸውን ልጅ በሌላ መንገድ መመለስ አይችሉም ነበር።

ምክንያቱም ሰውነት ቀለበት አያነብም። አንድ ትልቅ ሲጋር የሚይዘው ትምባሆ የአንድ ፓኬት ሲጋራ ያህል ሊሆን ይችላል። ጭሱን ወደ ሳንባ ባይስቡትም ኒኮቲኑ በአፍ ልስላሴ በኩል ይገባል፤ የአፍና የጉሮሮ ካንሰርም በዚያው መንገድ ይመጣል። ሲግመንድ ፍሮይድ ከሲጋር ተለይቶ አያውቅም ነበር፤ የአፍ ካንሰር ይዞት ከ30 በላይ ቀዶ ጥገና ካየ በኋላ በ1939 እ.ኤ.አ. ሞተ። ኮሂባ የተሠራላቸው ካስትሮ ራሳቸው በ1985 ማጨስ አቁመዋል። ምርጡን ሲጋር በነፃ ያገኙ የነበሩ ሰው ካቆሙት፣ ከፍሎ የሚገዛው ሰው ቆም ብሎ ቢያስብ አይከፋም።

እንግዲህ ያወጣል ወይ? ሥራው ያወጣል። እስከ 10 ዶላር፣ ብርቅነቱን ለሚወድ ምናልባት እስከ 20 ወይም 30። ከዚያ በላይ ያለው የሌላ ሰው ዓይን ዋጋ ነው፤ ዓይኑ ሲዞር ዋጋው ይጠፋል። ኪሱ ሞልቶ የሚገዛ ሰው የራሱ ጉዳይ ነው።

የእኛ ጉዳይ ሌላው ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የትምባሆ ማስታወቂያን ከልክሏል፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥን ከልክሏል፣ ፓኬቱ ላይ የማስጠንቀቂያ ሥዕል አስገድዷል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅም በአንድ ፓኬት ላይ 30 በመቶና 8 ብር ጥሏል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ፓኬቱ ላይ የታተመው ሥዕል በፍሬ ለሚገዛው የዘነበወርቅ ልጅ አይታየውም። የሚታየው በፊልምና በስልኩ ላይ ውድ ሲጋር ነክሶ የሚስቅ ባለሀብት ነው። ያ ማስታወቂያ ነው፤ አዋጁ አይደርስበትም።

የትምባሆን ትክክለኛ ዋጋ የሚያውቁት ደግሞ ባለ ሲጋሮቹ አይደሉም። ጃፓን ቶባኮ እ.ኤ.አ. በ2016 የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ለተጨማሪ 30.95 በመቶ 434 ሚሊዮን ከፈለ። በድምሩ 944 ሚሊዮን ዶላር። ይህ ገንዘብ የተከፈለው ለቤሂኬ አይደለም። አለርት አጥር አጠገብ በፍሬ ለምትሸጠው፣ ነገም ለምትሸጠው፣ የዛሬው የ19 ዓመት ልጅ በ40 ዓመቱም ለሚገዛት ሲጋራ ነው።