ከሉማሜ እስከ ዓባይ በረሓ ፤ አውቶሞቢል በመታጠፊያ ላይ ስለምን ይስታል

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ሉማሜን ብዙ ጊዜ ከመስኮት አይቶ ያልፋታል። የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ይህች ስፍራ የጤፍ አገር ናት፤ ምድሯ ዋልካ፣ ዙሪያዋም ሜዳ ነው። በዚህ ሜዳ ላይ መንገዱ ያን ያህል አያስቸግርምና ሹፌሩ የፍጥነት ልማድ ይዞ ደጀን ይደርሳል። ከደጀን በኋላ ግን ምድሪቱ ተሰንጥቃ ዓባይን ታሳያለች። እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ የተመረቀውን 303 ሜትር ድልድይ ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። እኛም በዚህ መንገድ ስንመላለስ፣ ገደሉን እያየ የሚያማትበው መንገደኛ ብዙ፣ አውቶሞቢል በመታጠፊያ ላይ ስለምን እንደሚስት የሚጠይቀው ግን ጥቂት መሆኑን ስላየን፣ ስለዚሁ ነገር ለክቡራን አንባብያን ልንጽፍ ወደድን።

የሚሄድ ነገር ሁሉ የሚገታው ካላገኘ በቀር ቀጥ ብሎ መሄድ ይወዳል። በቅሎ የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ በቅሎዪቱ በድንገት ስትታጠፍ እርሱ ወደ ቀድሞው አቅጣጫ ሊወድቅ ይቃጣዋል። አውቶሞቢልም እንዲሁ ነው። መሪው የፊቱን ጎማ ያዞራል እንጂ አውቶሞቢሉን አያዞርም፤ አውቶሞቢሉን ወደ ጎን ስቦ የሚያዞረው ጎማው መሬቱን ቆንጥጦ መያዙ ነው። አንዱ ጎማ መሬት የሚነካበት ስፋት ደግሞ ከሰው መዳፍ እምብዛም አይበልጥም። በቅሎ ድጡን አይታ እግሯን ትመርጣለች፤ ለጎማ ግን የሚመርጥለት ሹፌሩ ነው።

ከዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ሒሳብ አለ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመታጠፍ የሚያስፈልገው ኀይል አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየሄደ በደኅና የታጠፈ ሰው፣ በ40 ሲመጣ ከጎማው የሚጠይቀው አራት እጅ ነው። የመታጠፊያው ክብ ከመካከሉ እስከ ዳሩ 30 ሜትር ቢሆን፣ ደኅና ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት እስከ 50 ኪሎ ሜትር ግድም ይይዛል፤ አስፋልቱ ሲርስ ወደ 40 ይወርዳል፤ ጭቃ ሲለብስ 30 እንኳ አይሞላም። ጆንያ በጆንያ ላይ የተቈለለበት የጭነት መኪናማ ጎማው ሳይስት አስቀድሞ ይገለበጣልና፣ መንገዱ ደረቅ ቢሆንም በዚሁ መታጠፊያ ላይ 35 ኪሎ ሜትር ግድም ሊጥለው ይችላል።

ጎማ መሬት የሚይዝበት ኀይል እንደ መንገደኛ ስንቅ ነው፤ ያለው አንድ አቁማዳ ብቻ ነው። ለፍሬን የወጣው ለመታጠፍ አይተርፍም። ስለዚህ ዐዋቂ ሹፌር ፍሬን የሚይዘው መታጠፊያው ሳይጀምር፣ መንገዱ ገና ቀጥ ባለበት ነው፤ ከዚያም ፍሬኑን ለቆ ይታጠፋል። ችኩሉ ግን በፍጥነት ገብቶ ገደሉን ሲያይ ይደነግጥና መሪውን እየጠመዘዘ ፍሬኑን ይረግጣል። ያን ጊዜ ከሁለት ነገር አንዱ ይሆናል። የፊቱ ጎማ የሳተ እንደ ሆነ፣ መሪው ቢጠመዘዝም አውቶሞቢሉ ወደ ውጭ፣ ወደ ገደሉ አፍ ይሄዳል። መድኀኒቱ ነዳጁን ለቆ ጎማው መሬቱን እስኪይዝ ድረስ መሪውን ጥቂት መመለስ ነው፤ ገደል ፊት ለፊት እያዩ መሪን መመለስ ለሰው ልብ ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢው ይገምተው። የኋላው ጎማ የሳተ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት አዘንብሎ ኋላውን ያቀልለዋልና፣ ጅራቱ ፊቱን ሊቀድም ይዞራል። ያን ጊዜ መሪውን ጅራቱ ወደ ሸሸበት ወገን ፈጥኖ መመለስ ነው። አዳዲሶቹ አውቶሞቢሎች መንሸራተቱን ዐውቆ እያንዳንዱን ጎማ ለብቻው የሚገታ መሣሪያ አላቸው፤ እርሱም ቢሆን ስንቁን ያካፍላል እንጂ አይጨምርም።

ክረምት ሲገባ ከብቱና ጋሪው ከማሳ የሚያመጡት ዋልካ በአስፋልቱ ላይ ይነጠፋል፤ ዋልካ ሲርስ እንደ ሳሙና ነው። ይልቁንም የመጀመሪያው ዝናብ ያስፈራል፤ በበጋ የተጠራቀመው አቧራና የዘይት ጠብታ ገና ሳይታጠብ ከውሃው ጋር ይቦካልና።

ነገር ግን ወቀሳው ሁሉ በሹፌሩ ላይ እንዲወርድ አንወድም። ከኋላ የተቀመጠው ባለሥልጣን «ስብሰባው ደረሰ፤ ምን ያንቀረፍፍሃል!» ሲለው፣ እንጀራው በእርሱ እጅ ያለ ሹፌር ስለ ጎማና ስለ ዋልካ ሊያስረዳ አይደፍርም። ሒሳቡን ግን ጌታው ራሱ ሊያስበው ይችላል። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን በአማካይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው በአንድ ሰዓት ይደርሳል፤ በ50 የሄደ በ48 ደቂቃ። ሚስትና ልጆች ተቀምጠውበት የሚገኘው ትርፍ 12 ደቂቃ ነው።

ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ይገባል፤ ሁልጊዜ የተረገጠ ፍሬን ግሎ መያዙን ይተዋል፤ በመታጠፊያው አፍ ላይም ፍጥነቱን የሚቀንስ አይገኝም። የሚቃጠል ነገር ሽታ ወደ ውስጥ የገባ እንደ ሆነ፣ «ቁም» የሚለውን ቃል ከሹፌሩ መጠበቅ አያሻም፤ ሰፊ ስፍራ ሲገኝ አስቁሞ፣ ፍሬኑ እስኪበርድ ድረስ ልጆቹን አውርዶ የበረሓውን ዝንጀሮዎች ማሳየት ነው።